ጦር ሜዳው የማይታይባቸው የጦርነት ዘመን ፊልሞች

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሆሊውድ ፊልሞች ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠቅሰው «ካዛብላንካ»ን ነው፤ ቀጥሎም የባሕርና የአየር ውጊያን የሚያሳዩት ይጠቀሳሉ። ከ1942 እስከ 1945 ባሉት ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በብዛት ያወጧቸው አስቂኝና ሙዚቃዊ ፊልሞች ግን የሕዝቡን ጭንቀት ለማስረሳት ብቻ የተሠሩ ቀላል ነገሮች ተደርገው ስለሚቆጠሩ፣ የቆየ ፊልም የሚወዱ ሰዎች ሳይቀሩ አልፈዋቸው ይሄዳሉ። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ከእነዚህ ፊልሞች የተሻሉት ጦርነቱ ወደ ቤት ሲገባ፣ ከቁርስ ገበታና ከመኝታ ክፍል፣ ከትንሽ ከተማ የባቡር ጣቢያና ከመሸታ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚመስል በጥንቃቄ መዝግበው አቆይተውልናል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ደጋግሜ ያየኋቸውና ዛሬም ለማንም ሰው ልመክራቸው የምደፍረው ናቸው።

ፊልሞቹ የተሠሩበትን ሁኔታ ማወቅ ለፍርድ ይረዳል። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ፣ በ1942፣ የጦርነት ምርት ቦርድ ለአንድ ፊልም ትዕይንት ግንባታ ሊወጣ የሚችለውን የአዲስ ቁሳቁስ ወጪ በ5,000 ዶላር ወሰነው። ጥሬ ፊልሙ ራሱ በቁጥጥር የሚታደል ሆነ። እንደ ክላርክ ጌብል፣ ጄምስ ስቱዋርት፣ ታይሮን ፓወርና ሄንሪ ፎንዳ ያሉ ስመ ጥር ተዋንያን የወታደር ልብስ ለብሰው ከስቱዲዮ ወጡ። የኦስካር ሐውልት እንኳ በብረት እጥረት ምክንያት ለሦስት ዓመታት ከጀሶ እየተሠራ፣ ቀለም እየተቀባ ይሰጥ ነበር። በዚህ ሁሉ ላይ ቁጥጥሩ ከሁለት ወገን ነበር፤ በአንድ በኩል የስቱዲዮዎቹን የሥነ ምግባር ደንብ የሚያስከብረውና ጆሴፍ ብሪን የሚመራው ቢሮ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በመንግሥት የጦርነት መረጃ ጽሕፈት ቤት ሥር ሆኖ የፊልም ድርሰቶችን የሚያነብና «ይህ ፊልም ጦርነቱን ለማሸነፍ ይረዳልን?» እያለ የሚጠይቀው ክፍል። ትልቅ ግንባታ መሥራት ሲከለከል፣ ብዙ ነገር መናገርም ሲከለከል፣ አዘጋጁ የሚተማመነው በተዋናዩ ፊት፣ በንግግሩ ፍጥነትና በአንዲት ጠባብ ክፍል ላይ ይሆናል። እነዚህን ፊልሞች ያሳመራቸውም በከፊል ይኸው ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ በ1943 ያወጣውንና ጆርጅ ስቲቨንስ ያዘጋጀውን «ዘ ሞር ዘ ሜሪየር» ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በቤት እጦት ነው። ጦርነቱ ያመጣቸው ሠራተኞች፣ ወታደሮችና ባለጉዳዮች ዋሽንግተንን አጨናንቀዋታል፤ ሆቴሉ ሁሉ ሞልቷል፤ አልጋ የሚባል ነገር ጠፍቷል። ጂን አርተር የምትጫወታት ኮኒ ሚሊጋን፣ እንደ ዜጋ የድርሻዋን ለመወጣት ብላ የቤቷን ግማሽ ለማከራየት ማስታወቂያ ታወጣለች፤ የምትፈልገው ግን ሴት ደባል ነው። የሚመጡት ቤንጃሚን ዲንግል የተባሉ አዛውንት ባለጸጋ ናቸው፤ ስለ ቤት ችግሩ መንግሥትን ሊያማክሩ መጥተው እሳቸው ራሳቸው ማደሪያ ያጡ ሰው። ዲንግል በር ላይ የሚጠብቁትን ተከራዮች «ቤቱ ተይዟል» ብለው ያሰናብቱና እንደ ቤተኛ ገብተው ይቀመጣሉ። ብዙም ሳይቆዩ ከደረሳቸው ግማሽ ላይ ግማሹን፣ ባለቤቷን ሳያስፈቅዱ፣ ወደ አፍሪካ ለመዝመት ትእዛዝ ለሚጠብቀው ለሳጅን ጆ ካርተር ያከራዩታል። ዲንግልን የተጫወተው ቻርልስ ኮበርን በዚህ ሥራው የዓመቱን የምርጥ ረዳት ተዋናይ ኦስካር አግኝቷል፤ ሽልማቱም የሚገባው ነበር። ሳጅን ካርተርን የተጫወተው ጆል ማክሬ ምንም አልተሸለመም፤ ነገር ግን ፊልሙን ደግሞ ያየ ሰው የማክሬ ዝምታ ምን ያህል እንደሚሠራ ያስተውላል።

የጠዋቱ ትዕይንት ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። ኮኒ ቤቱ በሥርዓት እንዲያዝ ብላ ለአዛውንቱ የጠዋት ፕሮግራም ታወጣላቸዋለች፤ ማን በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚነሣ፣ መታጠቢያ ቤቱ መቼ ተይዞ መቼ እንደሚለቀቅ፣ ቡናው መቼ እንደሚጣድ፣ ሁሉም በደቂቃ ተለክቷል። በማግሥቱ ጠዋት ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ሲውል አንዱ የአንዱን ጊዜ እየያዘ፣ በሩ እየተከፈተና እየተዘጋ፣ የአዛውንቱ ሱሪ ሳይቀር የደረሰበት እየጠፋ፣ ከሁለት ሰው ብቻ አንድ ሙሉ ግርግር ይፈጠራል። ስቲቨንስ ካሜራውን አያጣድፍም፤ ራቅ ብሎ ያቆመውና ሰዎቹ በገዛ ጥንቃቄያቸው ሲደናገሩ ያሳየናል። ያ ቡና የዘፈቀደ ነገር እንዳልሆነም ልብ ይሏል፤ ፊልሙ ለሕዝብ በቀረበበት በ1943 ጸደይ ቡና በአሜሪካ በራሽን ነበር የሚሸጠው። ከዘመኑ ተመልካች አብዛኛው በዚያ ጠዋት ያየው የገዛ ቤቱን ነው። ዛሬም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ፣ በተለይም አዲስ በገቡበት ወቅት ኪራዩን ለመቋቋም ከደባል ጋር አንድ መታጠቢያ ቤት የተጋሩ ወገኖቻችን፣ ይህን ትዕይንት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ሳቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ፊልሙን ከሌሎቹ አላስቀድመውም ነበር። በሌሊት ኮኒና ጆ ወደ ቤት ሲመለሱ ደጃፉ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። እርሷ ልታገባው ስላጨችው ስለ ባለሥልጣኑ ስለ ሚስተር ፔንደርጋስት ቁም ነገረኛነት ታወራለች፤ የጆ እጅ ደግሞ በትከሻዋና በአንገቷ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። እጁን ታነሣለች፤ ይመለሳል፤ ደግማ ታነሣለች፤ ወሬዋን ግን አታቋርጥም፤ ድምፅዋ እየሳሳ፣ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ እየተሰበረ ይሄዳል። ደንቡ ምንም እንዲታይ በማይፈቅድበት ዘመን፣ በሆሊውድ ከተሠሩት የፍቅር ትዕይንቶች ሁሉ የዚህን ያህል ሙቀት ያለው ጥቂት ነው። ጥቂት ቆይቶም ሁለቱ በየክፍላቸው ይተኛሉ፤ አልጋዎቻቸውን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ስቲቨንስ ካሜራውን ከውጭ፣ ከመስኮቶቹ ፊት ያቆምና ሁለቱን በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ያሳየናል። ባልና ሚስት እንኳ በአንድ አልጋ ላይ እንዲታዩ በማይፈቀድበት ጊዜ፣ ጆ በግድግዳው በኩል ፍቅሩን ሲናገርና ኮኒ በጨለማው ውስጥ ስትመልስለት ሁለቱ አንድ ትራስ የተጋሩ ይመስላሉ። ይህን ሁሉ ጊዜ ተመልካቹ የማይረሳው አንድ ነገር አለ፤ ጆ በሁለት ቀን ውስጥ ይዘምታል።

እንከን የለውም አልልም። የመጨረሻው ክፍል፣ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሰዎች ከገቡና ሁለቱ ከወሬ ለመዳን በጥድፊያ ከተጋቡ በኋላ፣ ይረዝማል፤ ፔንደርጋስትም ከመጀመሪያው እንዲናቅ ተደርጎ ስለተሣለ ኮኒ ለምን እንዳጨችው ለማመን ያስቸግራል። የሆነ ሆኖ ጂን አርተር በመጨረሻ ላይ የምታለቅሰው ለቅሶ፣ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ያ ረጅም ለቅሶ፣ ጉድለቱን ያካክሳል። ይህ ሥራ በሕይወት ዘመኗ አንድ ጊዜ ብቻ ለኦስካር ያሳጨት ነው። ታሪኩ በ1966 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ዙሪያ ተደርጎ እንደገና ተሠርቷል፤ ኬሪ ግራንትም ለመጨረሻ ጊዜ በፊልም የታየው በዚያ ነው። በጥሩ ተዋንያንና በቀለም የተሠራው ሁለተኛው ፊልም ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሆቴል መጥፋት አለ፣ የሚዘምት ሰው ግን የለም። ስቲቨንስ ራሱ ይህን ፊልም ጨርሶ ወደ ሠራዊቱ ገባ፤ የፊልም ጓዱን ይዞ አውሮፓን አቋርጦ ዳኻው የናዚ የእስረኞች ካምፕ ደረሰ፤ ያነሣው ፊልምም በኑረምበርግ ችሎት በማስረጃነት ቀረበ። ከዚያ መልስ እንዲህ ያለ ኮሜዲ አልሠራም።

ፕሬስተን ስተርጅስ በፓራማውንት ስቱዲዮ የሠራው «ሄይል ዘ ኮንከሪንግ ሂሮ» የወጣው በ1944 ነው። የዋናው ሰው ሙሉ ስም ውድሮው ላፋዬት ፐርሺንግ ትሩስሚዝ ይባላል፤ አንድ ፕሬዚዳንት፣ አንድ የነጻነት ጦርነት ባለውለታና አንድ ጄኔራል በአንድ ቀጭን ልጅ ላይ ተጭነዋል። አባቱ በ1918 በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ፈረንሳይ ውስጥ በቤሎ ዉድ የሞተ የማሪን (የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር) ጀግና ነው። ልጁም ማሪን ለመሆን ይመዘገባል፤ ነገር ግን የአበባ ብናኝ እያስነጠሰው ስለሚያስቸግር በአንድ ወር ውስጥ ይሰናበታል፤ ይህንንም ለእናቱ መንገር አፍሮ በመርከብ ግንባታ ሥራ እየሠራ ጦር ሜዳ ያለ አስመስሎ ይጽፍላታል። አንድ ቀን ማታ በመሸታ ቤት በፓስፊክ ካለው የጓዳልካናል ደሴት ውጊያ የተመለሱ፣ ኪሳቸው ባዶ የሆነ ስድስት ማሪኖችን ይጋብዛል፤ እነርሱም በአዘኔታ «ጀግና» አድርገው ወደ ከተማው ሊወስዱት ይወስናሉ።

የባቡር ጣቢያው አቀባበል ስተርጅስ ከሠራቸው ሁሉ የምወደው ነው። የከተማው ኮሚቴ አራት የሙዚቃ ጓዶች አሰልፏል፤ ፍራንክሊን ፓንግቦርን የሚጫወተው አስተናጋጅ የትኛው ጓድ በየትኛው ምልክት ምን እንደሚጫወት ሊያስረዳ ሲሯሯጥ ሁሉም በየፊናው ይጀምራል። ከንቲባው ንግግሩን ማሰማት አይችልም። በዚህ ጫጫታ መካከል የውድሮው ፊት በፍርሃት ይገረጣል። ሕዝቡ ከዚያ በኋላ የእናቱን የቤት ዕዳ ይከፍላል፣ ሐውልት ሊያቆምለት ያስባል፣ ከንቲባ እንዲሆን ይወተውተዋል፤ እያንዳንዱ ደግነት ውሸቱን ይበልጥ ያከብደዋል። ልጆች እየሞቱ ባሉበት ዓመት፣ ሕዝብ ጀግና ለማግኘት ምን ያህል እንደሚቸኩል በግልጽ ማሳየት ቀላል ድፍረት አይደለም። ከስድስቱ ማሪኖች አንዱን፣ እናት አልባውንና እንቅልፍ የራቀውን በግዚን የተጫወተው ፍሬዲ ስቲል ቀድሞ የመካከለኛ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮን የነበረ ነው፤ ሌሎቹ ሲያስቁ እርሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ጓዳልካናል ምን እንደነበረ ይታወቃል። ከተማው ውድሮውን ይቅር የሚልበት ፍጥነት ለእኔ ትንሽ ይበዛብኛል፤ ውድሮውን የተጫወተው ኤዲ ብራከን በአዳራሹ ቆሞ እውነቱን የሚናገርበት ረጅም ንግግር ግን አንድም ቃል ሊቀነስለት የሚገባ አይደለም።

ስተርጅስና ብራከን አስቀድመው የሠሩት፣ ነገር ግን ዘግይቶ በ1944 መጀመሪያ ላይ የወጣው «ዘ ሚራክል ኦቭ ሞርጋንስ ክሪክ» የበለጠ ዝና አለው። ለዘማች ወታደሮች ስንብት በተደረገ ጭፈራ ማግሥት፣ ማንን እንዳገባች ማስታወስ ያልቻለች ነፍሰ ጡር ልጃገረድ ታሪክ እንዴት ሳንሱሩን እንዳለፈ ዛሬም ያስገርማል። ፊልሙ ጥሩ ነው፤ ጩኸቱ ግን ያደክማል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት የውድሮውን ታሪክ እመርጣለሁ።

ወደ ሙዚቃዎቹ ስንመጣ፣ አርኬኦ የተባለው ስቱዲዮ በ1943 ያወጣው «ዘ ስካይስ ዘ ሊሚት» ከዳንሰኛው ከፍሬድ አስቴር ፊልሞች ሁሉ እጅግ የተዘነጋው ይመስለኛል። አስቴር የፍላይንግ ታይገርስ፣ ማለትም ለቻይና የተዋጉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ጓድ፣ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ለዕረፍት ይመለሳል፤ የጀግና አቀባበሉን ሸሽቶ፣ ማንነቱን ደብቆ፣ ጆን ሌስሊ በምትጫወታት የመጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ፍቅር ይወድቃል። እርሷ ሥራ ፈት መስሎ ስለሚታያት ትወቅሰዋለች፤ እርሱ እውነቱን አይናገርም። መሐሉ ይጎትታል፤ የሮበርት ቤንችሊ የእራት ግብዣ ንግግርም ዛሬ የሚያስቀው ጥቂት ሰው ነው። ነገር ግን ሃሮልድ አርለንና ጆኒ መርሰር የጻፉት «ዋን ፎር ማይ ቤቢ» ሲደርስ ፊልሙ ይለወጣል። አስቴር ሰክሯል፤ ከመሸታ ቤት ወደ መሸታ ቤት እየዞረ ያንጎራጉራል፤ ከዚያ ባንኮኒው ላይ ወጥቶ ታፕ የሚባለውን በጫማ ወለሉን እየመቱ የሚደነስ ዳንስ ይደንሳል፤ የተደረደሩትን ብርጭቆዎች በእግሩ ያረግፋል፤ በርጩማውን አንሥቶ መስተዋቱን ይሰብራል። ሁልጊዜ ክብደት የሌለው ይመስል የነበረው ሰው እዚህ ላይ እያንዳንዱን እርምጃ በንዴት ይረግጣል። ዳንሱን ያቀናበረው ራሱ ነው። ወደ ውጊያው መመለሱን፣ ምናልባትም የማይመለስ መሆኑን በቃል ሳይናገር በእግሩ የተናገረው በዚህ ነው። ለዚህ አምስት ደቂቃ ሲባል የቀረውን መታገሥ ይቻላል።

ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ በዚያው ዓመት በሐምሌ ያወጣው «ስቶርሚ ዌዘር» ተዋንያኑ ሁሉ ጥቁር አሜሪካውያን የሆኑበት ነው፤ ቢል ሮቢንሰን፣ ሊና ሆርን፣ ፋትስ ዎለር፣ ካብ ካሎዌይ፣ ካትሪን ደነምና የኒኮላስ ወንድማማቾች በአንድ ፊልም ተሰብስበዋል። ታሪኩ ስስ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ወታደር ዳንሰኛ ሆኖ ሲያድግ ያሳያል፤ የስድሳ አምስት ዓመቱ ሮቢንሰንም በአርባ ዓመት ገደማ የምታንሰውን ሆርንን እንዲያፈቅር መደረጉ አሳማኝ አይደለም። ፊትን በጥላሸት አጥቁሮ የማሳቅ አሮጌ ልማድም እዚህ ገብቷል፤ ዛሬ ሲታይ ያማል። ያም ሆኖ ፊልሙ የያዘው ሀብት የትም አይገኝም። ዎለር ፒያኖው ላይ ቅንድቡን እያነሣ ሲጫወት የምናየው በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመት ነው፤ በታኅሣሥ በባቡር ጉዞ ላይ ሳለ ሞተ። ሆርን የፊልሙን ርእስ የያዘውን ዘፈን በመስኮት አጠገብ ቆማ ስትዘፍን ካሜራው በዝናቡ በኩል ወደ ጎዳናው ይወጣና ወደ ደነም ዳንሰኞች ይሻገራል።

ከዚያ የኒኮላስ ወንድማማቾች ይመጣሉ። ፋያርድና ሃሮልድ ከካሎዌይ ኦርኬስትራ መካከል ተነሥተው በሙዚቀኞቹ የኖታ ማስቀመጫዎች ላይ ይረግጣሉ፤ በመጨረሻም ከግዙፍ ነጭ ደረጃ አናት ጀምረው አንዱ የሌላውን ራስ እየዘለለ፣ እግሩን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ በደረጃው ላይ እያረፈ፣ እጁን ሳያስነካ እየተነሣ ይወርዳሉ። ካሜራው ከሩቅ ሆኖ ሙሉ አካላቸውን ያሳያል፤ ማታለያ የለም። ፊልሙ የሚዘጋው ሊዘምቱ በተዘጋጁ ጥቁር ወታደሮች ፊት በሚቀርብ ትርኢት ነው። የአሜሪካ ጦር ያን ጊዜ በዘር የተለያየ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን ልዩነቱ እንዲቀር ያዘዙት በ1948 ነው። ሊና ሆርን በነጮች ፊልሞች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምትታየው ከታሪኩ ጋር ባልተያያዘ ዘፈን ብቻ ነበር፤ የደቡብ ግዛቶች ሲኒማ ቤቶች ቆርጠው እንዲያወጧት እንዲያመች። እዚህ ግን ታሪኩ የእርሷ ስለሆነ የሚቆረጥ ነገር የለም። ቪንሰንት ሚኔሊ በኤምጂኤም በዚያው ዓመት የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ፣ «ካቢን ኢን ዘ ስካይ»፣ በአዘገጃጀት ይበልጣል፤ ኤቴል ዎተርስም በዚያ ውስጥ ታላቅ ናት። በዳንስ ግን «ስቶርሚ ዌዘር»ን የሚስተካከል የለም።

ስቱዲዮዎቹ ያላቸውን ኮከብ ሁሉ አሰልፈው ለወታደሮች መዝናኛ የሠሯቸውን ትርኢት መሰል ፊልሞች በአብዛኛው አልመክርም፤ ሰላምታና ጭብጨባ ይበዛባቸዋል። ከእነርሱ መካከል «ታንክ ዮር ላኪ ስታርስ» ውስጥ ቤቲ ዴቪስ የቀሩት ወንዶች ወይ ሕፃን ወይ ሽማግሌ ናቸው ብላ የምትዘፍንበት ቦታ ብቻ ተነጥሎ ሊታይ ይገባዋል። በስቲቨንስ ፊልምም አንድ ወንድ ለስምንት ሴት እንደሆነ ይነገራል፤ ቀልዱ የተወሰደው ከእውነተኛው ኑሮ ነበር። በስባይ በርክሊ በቴክኒከለር (በዘመኑ የቀለም ፊልም ስልት) የሠራውን «ዘ ጋንግስ ኦል ሂር»ን ደግሞ ለቀለሙና ለካርመን ሚራንዳ የሙዝ ጭፈራ ስል እወደዋለሁ፤ ታሪኩን ለማስታወስ መሞከር ግን ዋጋ የለውም።

ለማየት ላሰበ ሰው፣ ኋላ በኮምፒዩተር ቀለም የተቀቡ የጥቁርና ነጭ ፊልም ቅጂዎችን እንዲተው እመክራለሁ፤ የስቲቨንስ የሌሊት ደጃፍ ያለ ጥላው ባዶ ይሆናል። የስተርጅስ ተዋንያን እጅግ ፈጥነውና አንዱ ባንዱ ላይ እየተናገሩ ስለሚጫወቱ፣ እንግሊዝኛ ደህና አድርጎ የሚሰማ ሰውም ቢሆን የጽሑፍ ትርጉም ያለው ቅጂ ቢመርጥ ይሻለዋል። ጅማሬው «ዘ ሞር ዘ ሜሪየር» ቢሆን መልካም ነው። «ስቶርሚ ዌዘር» ሰባ ስምንት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ ከሥራ መልስ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ የደረጃውን ዳንስ ግን በስልክ ሳይሆን ቤት ውስጥ ባለው ትልቁ ስክሪን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማየት ያሻል።